ጌሾና ሆፕስ፦ የጠማቂ እናቶቻችን ታሪክ



ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ከምትኖርበት ውጭ አገር ለእረፍት መጥታ ነበር። እዚሁ መካኒሳ በእናቷ ግቢ ለወሩ ስብሰባ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ ልጅቱ ትልቅ ብረት ድስት ጥዳ «ዛሬ ቢራ ልጠምቅ ነው» አለችን። ሳቅን። ቢራ ከፋብሪካ እንጂ ከጓዳ ይወጣል ብለን አስበን አናውቅም።

እሷ ግን ሥራዋን ቀጠለች። 14 ሊትር ውኃ አሞቀች። የተከካ የገብስ ብቅል 2 ኪሎ ተኩል በስስ ጨርቅ ከረጢት አድርጋ ውኃው ውስጥ ነከረች፤ ሙቀቱን በቴርሞሜትር እየለካች 67 ዲግሪ ላይ አቆየችው። ድስቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ አንድ ሰዓት ጠበቀች። ከዚያ ከረጢቱን አንሥታ አንጠባጠበች፣ ጨመቀችም። የቀረው ጣፋጭ ውኃ ሲፈላ «ሆፕስ» የሚባል የደረቀ አረንጓዴ አበባ ጨመረችበት። መጀመሪያ የሚገባው ለመራራነት፣ መጨረሻ ላይ የሚገባው ለሽታ ነው አለች። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ሙቀት ሆፕሱ ምሬቱን ቶሎ ስለማይለቅ ከተለመደው አንድ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ጨምራ አፈላችው። ቀዝቅዞ እርሾ ከገባበት በኋላ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ስሙ «ፔል ኤል» ነው፤ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ሆፕሱ የበረታ ቢራ ማለት ነው።

ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው እናታችን ሆፕሱን በመዳፏ አሽታ አሸተተችና «ልጄ፣ ይሄማ የፈረንጅ ጌሾ ነው። ከረጢቱም ማጥለያ ነው» አለች። ልጅቱ «እውነትዎን ነው እማማ፤ ግን የእርስዎ አጠማመቅ የት ተጽፏል?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው።

የጠላን ሥራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቅሎ ይደርቃል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል። ብቅሉና ኪታው ይገባል፣ አሻሮው ተጨምሮ ይደፈደፋል፣ መጨረሻ ውኃ ተሞልቶ ይከደናል። የፈረንጁ ሆፕስ ይፈላል፤ የእኛ ጌሾ በጋን ውስጥ ቀናት ይቆያል እንጂ አይፈላም። እርሾ ገዝተን አንጨምርም፤ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ከራሱ ይመጣል። ሁለቱ ተክሎች የቅርብ ዘመድ አይደሉም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ የብቅሉን ጣፋጭነት በምሬት ያርማሉ፣ መጠጡንም ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቃሉ።

ይህ ሥራ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሴት እጅ ሥራ ነው። መካኒሳ ከተማ ሳይሆን በፊት እዚህ የኖሩት የኦሮሞ እናቶች ፋርሶ ይጠምቁ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ በቤተ መንግሥቱ ግብር ሺህ ሰው ሲበላና ሲጠጣ፣ ጠጁን የጣሉት ጠላውንም የጠመቁት ሴቶች ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቅ የሚያዘጋጁ፣ እህል የሚፈጩ፣ ገምቦ የሚሸከሙ ሴቶች ተከትለውት ነበር። የመኳንንቱን ስም ታሪክ መዝግቦታል፤ የባለ ገምቦዎቹን ስም አልመዘገበም።

ከተማዋ ስታድግ ከገጠር የመጣች፣ ባል የሞተባት ወይም የተፈታች ሴት ያለ ገንዘብና ያለ ትምህርት ልትጀምረው የምትችለው ሥራ ጥቂት ነበር። አንድ ጋን፣ ጥቂት ብቅልና ጌሾ ካላት ግን በሯ ላይ ጣሳ በእንጨት ሰክታ ጠላ ቤት ትከፍታለች። ብዙዎቻችን በዚያ ጣሳ ደብተር ተገዝቶልን ያደግን ልጆች ነን።

በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ ተመሠረተ። በ1950ዎቹ ሜታ አቦ በሰበታ ተከተለ። እዚሁ ሰፈራችንም የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ አለ። የጠርሙሱ ቢራ የዘመናዊ ሰው መጠጥ ተባለ፤ ጠላ የድሃ ሆነ፤ «ጠላ ሻጭ» የሚለው ቃልም ስድብ ሆኖ ቀረ። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ሜታ አቦን ዲያጂዮ ለሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ፋብሪካ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ውሉም፣ ልኩም፣ አሠራሩም በወረቀት ይተላለፋል። የእናቶቻችን ሥራ ግን ያለ ወረቀት ሲተላለፍ ኖሯል።

በሌላ አገር የሆነውን ብናይ ይጠቅመናል። በእንግሊዝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 1300ዎቹ ድረስ «ኤል» የሚባለውን መጠጥ በብዛት የሚጠምቁት በየቤታቸው ያሉ ሴቶች ነበሩ። ያ ኤል ሆፕስ ስላልነበረው በቀናት ውስጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጎረቤት ለጎረቤት ነው የሚሸጠው። ከ1348ቱ ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የሚጠጣው መጠን በዛ፤ በ1400 ገደማም ሆፕስ ያለበት ቢራ ባሕር ተሻግሮ ገባ። ይህኛው ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ሩቅ ይጓዛል፣ ነገር ግን ትልቅ ጋን፣ ብዙ ማገዶና ብድር ይፈልጋል። ብድርና የነጋዴ ማኅበር በወንዶች እጅ ስለነበር በ1600 ሥራው በአብዛኛው ከሴቶች እጅ ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ ሥራውን የተነጠቁት ሙያ ስላነሳቸው አይደለም፤ ገንዘቡና ማኅበሩ ስላልነበራቸው ነው። እኛ ማኅበሩ አለን። ትንሽም ብትሆን ቁጠባው አለን። የጎደለን የተጻፈ ልክ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችንን ቀብረናል። አራት ልጆች በጠላ አሳድጋ ለቁም ነገር አብቅታለች። ለማኅበርም ለተዝካርም ጠላዋ እየተፈለገ ይወሰድ ነበር። ሴት ልጆቿን ግን «እናንተ ተማሩ፤ ወደ ጋኑ አትጠጉ» እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ዛሬ ልጆቿ የጥንስሷን ልክ አያውቁም። እኛም አናውቅም። ጋኗ ግቢው ውስጥ ተደፍቶ ይታያል።

መጠጥ ቤቱን ያፈረሰባት እህትም ከመካከላችን አለች፤ ይህን ደብቀን ታሪክ አንጽፍም። ጠላ ሁሉ ይጠጣ፣ ሴት ሁሉ ትጥመቅ እያልን አይደለም። የምንለው፣ በዚህ ሥራ ልጅ ያሳደገች እናት ልታፍር አይገባም፤ ሙያዋም አብሯት ሊቀበር አይገባም ነው።

የፔል ኤሉ ጠርሙስ ሲከፈት ሁላችንም ቀመስን። አንዳንዶቻችን ወደድነው፤ አንዳንዶቻችን «ጉሽ ይሻላል» አልን። ልጅቱ ግን አጠማመቁን በአንድ ገጽ ጽፋ ትታልን ሄደች። ኪሎው፣ ዲግሪው፣ ሰዓቱ ሁሉ አለበት።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የራሳችንን ልክ ይዘን እንምጣ። ጌሾው በስንት ጣሳ? ብቅሉ በስንት? ጥንስሱ ስንት ቀን ይቆያል? አንዷ ሦስት፣ ሌላዋ አምስት ትላለች፤ ሁለቱም ይጻፍ። መጻፍ የማትችል እናት ትናገር፣ ልጅ ትጻፍላት። መዝገቡ በማኅበሩ ሣጥን፣ ከቁጠባው ደብተር ጎን ይቀመጣል። በመጀመሪያው ገጽ የእማማን አጠማመቅ እንጽፋለን፤ እሳቸውም «እኔ ስናገር አታቋርጡኝ እንጂ እሺ» ብለዋል።