በደም ሥር ወደ ልብ የሄዱ ሐኪሞች ዜና

በ1921 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1929)፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በጀርመን አገር ከበርሊን በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በኤበርስቫልደ ከተማ ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበረ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች የሕያው ሰው ልብ ለመንካት ይፈሩ ነበር። እርሱ ግን በክንድ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ቢገባ ደረት ሳይከፈት ልብ እንደሚደረስ አሰበና ለአለቃው ነገረ። አለቃውም ከለከለው፤ እንግዲያስ በራሴ ላይ ላድርገው ቢልም አልፈቀደለትም።

ፎርስማን ትእዛዙን አልጠበቀም። የመሣሪያው ቁልፍ ጌርዳ ዲትዘን በምትባል ነርስ እጅ ነበረና እርስዋን ሲያባብል ሰነበተ። እርስዋም በእኔ ላይ ይሞከር ብላ ፈቀደች። እርሱም አስተኝቶ እጅና እግርዋን አሰረ፤ ክንድዋንም አዮዲን ቀባ። እርስዋ ተራዋን ስትጠብቅ ዘወር ብሎ የራሱን ግራ ክንድ አደንዝዞ ቀደደ፤ ለሽንት ቧንቧ የተሠራውን ቱቦም ወደ ደም ሥሩ ሰደደ። ከዚያ ፈታት፤ ቱቦው ከክንዱ ሳይወጣ ደረጃውን ወርደው ራጅ ክፍል ገቡ። በመስተዋት የራጁን ጥላ እያየ ቱቦውን 60 ሳንቲሜትር ያህል ገፋው፤ ጫፉም በልቡ ቀኝ ክፍል ታየ፤ ፎቶም ተነሣ። ጸሐፊዎች የእርሱን ድፍረት ያወድሳሉ፤ እኔ ግን ሳትታለል በፊት ክንድዋን የሰጠችውን ነርስ አስቀድማለሁ።

ሥራው በዚያው የፈረንጅ ዓመት ታተመ። ስሙ የገነነው የበርሊን ቀዳጅ ሐኪም ዛወርብሩክ ግን ናቀው፤ አባረረውም። ፎርስማንም የልብን ነገር ትቶ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሆነ። በፈረንጅ 1932 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ ዜና ጸሐፊ ያማረውን ብቻ መርጦ አይጽፍምና ይህም ይጻፍ። በኒው ዮርክ ኩርናንድና ሪቻርድስ የሚባሉ ሐኪሞች እርሱ የጀመረውን አንሥተው አሰፉት፤ በፈረንጅ 1956 ሦስቱ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

በዘመነ ሉቃስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ በክሊቭላንድ ሜሰን ሶንስ የሚባለው ሐኪም ሳያስበው በራጅ የሚታየውን ፈሳሽ በአንድ ታማሚ ልብ የደም ቧንቧ ውስጥ ረጨ። የታማሚው ልብ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ሶንስም ሳል ብሎ ጮኸበት፤ ሰውየው ሳለ፤ ዳነም። ከዚያ ወዲህ የልብን ቧንቧ አንድ በአንድ በራጅ ማየት ተጀመረ።

በዘመነ ዮሐንስ፣ ጥር 7 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ሥላሴ በሚነግሥበት ዕለት፣ በፖርትላንድ ቻርልስ ዶተር እግርዋ የጠቆረባትን የ82 ዓመት አሮጊት ተቀበለ። ሐኪሞች ይቆረጥ ብለው ፈርደው ነበር፤ እርስዋ እምቢ አለች። ዶተርም ሽቦ ካሳለፈ በኋላ ቱቦ በቱቦ ላይ እየደረበ የጠበበውን ቧንቧ አሰፋ፤ እግሩም ሞቀ። አሮጊቷ እስከ ዕለተ ሞቷ በሁለት እግርዋ ሄደች። የአገሩ ቀዳጅ ሐኪሞች ግን ታማሚ ሲልኩለት ፎቶ አንሣ እንጂ ለመጠገን አትሞክር ብለው ይጽፉ ነበር።

ትምህርቱን ያከበሩት አውሮፓውያን ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በድሬስደን የተወለደው፣ በዙሪክ የሚሠራው አንድሪያስ ግሩንትሲግ ነበረ። በቱቦ ጫፍ ፊኛ ማድረግን አሰበ፤ ችግሩ ግን የላስቲክ ፊኛ ሲነፋ ወደ ለስላሳው ወገን ያብጣል፤ ድንጋይ የሆነውን ጥበት አይገፋም። ስለዚህ ከተወሰነለት ስፋት የማያልፍ ጠንካራ ፊኛ ያስፈልገው ነበር። ሌሊት ሌሊት በመኖሪያ ቤቱ ማዕድ ቤት ከረዳቱ ከማሪያ ሽሉምፍ ጋር ፕላስቲክ እያሞቀ፣ እየነፋ፣ እያጣበቀ ሠራው። በፈረንጅ 1974 በእግር ቧንቧ ሞከረው፤ ቀጥሎም በውሾች ልብ።

በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 6 ቀን 1970 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1977) ደረቱ ተከፍቶ ሊሠራለት የነበረ የ38 ዓመት ሰው ፊኛው በእርሱ እንዲሞከር ፈቀደ። ቀዳጆቹ ተዘጋጅተው ቆሙ። ግሩንትሲግ በብሽሽቱ ቧንቧ ገብቶ ፊኛውን በልቡ ግራ ቧንቧ ጥበት ላይ ሁለት ጊዜ ነፋ፤ ጥበቱ ተከፈተ። ታማሚው አልተኛም ነበር፤ ሁሉን ይሰማ ነበር። ቀዳጆቹም ሳይጠሩ ቀሩ። ግሩንትሲግ ከዚያ በኋላ ወደ አትላንታ ሄደ፤ ባየው ሁሉ ላይ ፊኛ የሚነፋ ሐኪም እንዳይበዛ አስቀድሞ ያስጠነቅቅ ነበር፤ በዚህ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ አይመስሉትም።

በፈረንጅ 1985 መቅሠፍት ሆነ። ቱቦዎቹን ለልብ ቧንቧ አፍ እንዲመቹ ቀድሞ ያጎበጣቸው ጀድኪንስ በጥር፣ ዶተር በየካቲት፣ ሶንስ በነሐሴ ዐረፉ። ግሩንትሲግም ገና በ46 ዓመቱ በጥቅምት ከሚስቱ ጋር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በተከታዩ የፈረንጅ ዓመት በቱሉዝና በሎዛን ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ የብረት መረብ፣ ይኸውም ስቴንት፣ በሰው ልብ ውስጥ ተተከለ።

የዙሪኩ ታማሚ ከ10 ዓመት በኋላ ሲመረመር ቧንቧው ክፍት ሆኖ ተገኘ።