ሁለት ግፊት፣ አንድ ሐይቅ

አርባ ምንጭ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውሃ ትምህርት ከተማ ናት። እኔም እዚያ ተማሪ እያለሁ ያበላሸሁት አንድ ፋይል እስካሁን ይቆጨኛል።

አባያ ሐይቅ ውስጥ አንድ የግፊት ሴንሰር አስቀመጥን፤ ሌላውን ዳር ካለ ዛፍ ላይ ሰቀልነው። ውሃ ውስጥ ያለው ሴንሰር ውሃውንም አየሩንም ደርቦ ነው የሚለካው። አባያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ብቻውን የ9 ሜትር ውሃ ያህል ይጫናል። የአየሩን ስትቀንሱ የሚቀረው ውሃው ነው።

ሁለት ቦታ መለካት የቆየ ዘዴ ነው። በ1648 እ.ኤ.አ. የብሌዝ ፓስካል እህት ባል ፍሎረን ፔሪዬ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩ ደ ዶም ተራራ ላይ ወጣ። ሜርኩሪው ዝቅ አለ። ማስረጃውን ያጸናው ግን ከታች የቀረው ሁለተኛ ቱቦ ነው፤ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው ንቅንቅ አላለም።

እኔ ግን "ቦታ ለምን ይያዝ?" ብዬ ልዩነቱን ብቻ አስቀርቼ ጥሬውን ሰረዝኩ። ለካ አንዱ ሴንሰር በአበሻ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቶ ኖሯል! ከጠዋቱ ውሃ የሌላ ሰዓት አየር ስቀንስ ነበር የከረምኩት። የአየሩ ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲሳሳት፣ ውሃው በ1 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። ጥሬው ቢኖር አንዱን ዓምድ ስድስት ሰዓት ማሸሽ ይበቃ ነበር።

ጠላቂዎችም ሁለት የአየር ሲሊንደር ይዘው ሲወርዱ፣ በመዝገባቸው ለየሴንሰሩ የራሱ ዓምድ ያስፈልገዋል። ልዩነት ከጥሬው ይወጣል፤ ጥሬው ግን ከልዩነት አይወጣም።