የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ ሕክምናና የታካሚዎች ልምድ

በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ በጤናማ አዋቂ ሰው ክብደቱ ከ25 ግራም ብዙም የማይበልጥ ትንሽ የአካል ክፍል ነው። ይሁን እንጂ የሚያመነጨው ሆርሞን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የምግብ መፈጨትን፣ የአእምሮ ንቃትንና የሕፃናትን ዕድገት ይቆጣጠራል። ዕጢው ሥራውን ሲያቆም ወይም በቀዶ ሕክምና ሲወገድ የጎደለው ሆርሞን ሌቮታይሮክሲን በተባለና በየዕለቱ በሚዋጥ ክኒን ይተካል።

መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ በኢትዮጵያ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ በትክክል ከተወሰደ አብዛኛው ታካሚ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ሠርቶ እንዲኖር ያስችላል። ሕክምናው በአብዛኛው የዕድሜ ልክ በመሆኑ ግን ውጤቱ በክኒኑ ብቻ አይወሰንም። ሕመሙ በጊዜ መታወቁ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ መገኘቱ፣ እንዲሁም ታካሚው ስለራሱ የሚናገረው መደመጡ ወሳኝ መሆኑን የሕክምናው ታሪክም ሆነ የታካሚዎች ልምድ ያሳያል።

ሕመሙ ዘግይቶ የሚታወቅበት ምክንያት

የሆርሞን እጥረት ምልክቶች ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ የሚከሰቱ ናቸው። ድካም፣ ብርድ መብዛት፣ የክብደት መጨመር፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መሳሳት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የወር አበባ መዛባት፣ መርሳትና መከፋት ከምልክቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ በሥራ ብዛት፣ በዕድሜ ወይም በኑሮ ጭንቀት የመጣ ስለሚመስል ታካሚዎች ትክክለኛው ምርመራ እስኪደረግላቸው ድረስ ለደም ማነስ ወይም ለድብርት ብቻ ሲታከሙ ሊቆዩ ይችላሉ። በሥራ ቦታም ቀጠሮ የሚረሳና በስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ ሠራተኛ እንደ ሕመምተኛ ሳይሆን እንደ ሰነፍ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ችግሩ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። የአዮዲን እጥረት በሌለባቸው አገሮች ዋነኛው መንስኤ የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን ዕጢ ማጥቃቱ ሲሆን፣ ይህን ዓይነቱን ሕመም ጃፓናዊው ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ እ.ኤ.አ በ1912 ገልጸውታል። ዕጢው ከመጠን በላይ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የልብ ምት መፍጠን፣ የክብደት መቀነስ፣ ላብና የእጅ መንቀጥቀጥ ይታያል። ይህ ሕመም በመድኃኒት፣ በጨረራማ አዮዲን ወይም በቀዶ ሕክምና የሚታከም ሲሆን፣ በጨረራማ አዮዲን ወይም በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ብዙዎቹ በኋላ የምትክ ሆርሞን ተጠቃሚ ይሆናሉ።

ሕመሙን ለማረጋገጥ በቅድሚያ የሚታዘዘው የደም ምርመራ በምህጻሩ ቲኤስኤች በመባል ይታወቃል። ቲኤስኤች በአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ» ብሎ የሚያዝበት ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ሲደክም ትእዛዙ ስለሚበረታ የቲኤስኤች ቁጥር ከፍ ይላል። በመሆኑም ከፍተኛ ቁጥር የተነገረው ታካሚ ሆርሞኑ የበዛ እንዲመስለውና መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ እንዲቀንስ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ውጤቱን የሚነግረው ባለሙያ ትርጉሙንም አብሮ ማስረዳት ይኖርበታል።

ከታካሚዎች የተገኘ ዕውቀት

የታይሮይድ ሆርሞን ጥቅም በመጀመሪያ የታወቀው በታካሚዎች ላይ ከደረሰው ጉዳት ነው። የስዊዘርላንዱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቴዎዶር ኮከር በበርን ከተማ እንቅርትን በማውጣት ዝነኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1874 ዕጢዋን ሙሉ በሙሉ ያወጡላት የ11 ዓመት ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠባይዋ መለወጡን ከሌላ ሐኪም ሰሙ። እ.ኤ.አ በ1883 መልሰው ሲመረምሯት ቀድሞ በመልክ ከእርሷ የማትለይ ታናሽ እህቷ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ እርሷ ግን ዕድገቷ ተገትቶ አእምሮዋ ፈዞ አገኟት። ኮከር ሌሎቹንም የቀድሞ ታካሚዎቻቸውን አስጠርተው ሲመረምሩ ዕጢው በሙሉ በወጣላቸው በአብዛኞቹ ላይ ተመሳሳይ ጉዳት አዩ። ያዩትን ሳይደብቁ በይፋ በማሳወቃቸውም ዕጢው ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑ ታወቀ። ኮከር በታይሮይድ ዕጢ ላይ ላበረከቱት ሥራ እ.ኤ.አ በ1909 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጡ። ሴትየዋ ተሽሏት እስከ 74 ዓመቷ የኖረች ሲሆን፣ በእነዚህ 28 ዓመታት ውስጥ ለእርሷ መድኃኒት ማዘጋጃ ከ870 በላይ በጎች ዕጢ አገልግሏል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል እ.ኤ.አ በ1914 ታይሮክሲንን ለይተው አወጡ። በእንግሊዝ ደግሞ ቻርልስ ሃሪንግተንና ጆርጅ ባርገር እ.ኤ.አ በ1927 በቤተ ሙከራ ሠሩት። የዛሬው ክኒን የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

ክኒኑና የዕለት ተዕለት ኑሮ

ሌቮታይሮክሲን የሚለካው በማይክሮግራም በመሆኑ በመጠኑ ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ እንኳ በሰውነት ላይ ይታወቃል። ዕጢው ጨርሶ ለማይሠራ አዋቂ በአማካይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 1.6 ማይክሮግራም የሚታዘዝ ሲሆን፣ ለአረጋውያንና ለልብ ሕሙማን ከዝቅተኛ መጠን ይጀመራል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንሰው በሰባት ቀን ገደማ ነው። በዚህም ምክንያት ለውጡ በቀናት ውስጥ አይታይም፤ ምርመራውም መጠኑ ከተለወጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት በኋላ ይደገማል። ክኒኑን ለጥቂት ቀናት ወስደው ለውጥ ባለማየታቸው የሚያቋርጡ ታካሚዎች ይህ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይወሰዳል። ቡና የመድኃኒቱን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንስ ጠዋት ቀድሞ ቡና ለሚጠጣ ሰው ይህ ቀላል የማይባል የልማድ ለውጥ ነው። የብረት ንጥረ ነገርና የካልሲየም ክኒኖችም ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት መወሰድ አለባቸው። ይህ በተለይ በእርግዝና ወቅት የብረት ክኒን ለሚሰጣቸው እናቶች ጠቃሚ ነው። ጠዋት የማይመቸው ታካሚ ከእራት በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ሰዓት ሊወስደው ይችላል። በረመዳንም ሆነ በሌሎች አጽዋማት ወቅት መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ተገቢ ነው።

ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን ክኒኑን ያዳክሙታል። ለመስክ ሥራ ወደ ቆላማ አካባቢዎች የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ መድኃኒቱን ከእነማሸጊያው በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ መያዝና ለቆይታው የሚበቃውን ያህል መሰነቅ ይኖርበታል። መጠኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማብዛት የልብ ምት መዛባትና የአጥንት መሳሳት ስለሚያስከትል ክኒኑ ውፍረት ለመቀነስ ወይም ኃይል ለማግኘት የሚወሰድ አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ታካሚ በአንጻሩ ከወትሮው ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል ማርገዟን እንዳወቀች ሐኪም ማማከር አለባት።

የምርመራ ውጤትና የታካሚው ስሜት

የደም ምርመራቸው ከተስተካከለ በኋላም ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ ታካሚዎች ድካሙና የአእምሮ መፍዘዙ እንዳልተዋቸው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ በ1999 በሊትዌኒያ በ33 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት ከታይሮክሲን ጋር ሁለተኛውን የዕጢው ሆርሞን፣ ትሪአዮዶታይሮኒንን፣ መስጠት ስሜታቸውን እንዳሻሻለ አመልክቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተካሄዱት አብዛኞቹ ጥናቶች ውጤቱን ባለማረጋገጣቸው ሌቮታይሮክሲን ብቻውን የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ቀጥሏል። ይሁን እንጂ ታካሚውን «ቁጥሩ ልክ ነው» ብሎ ማሰናበት በቂ አይደለም። የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅልፍ ችግርና ድብርት መኖር አለመኖራቸው ሊመረመር ይገባል።

የታካሚው ቃልና የባለሥልጣናት መግለጫ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል በሰፊው የታየው በፈረንሳይ ነው። በዚያች አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሌቮታይሮክሲን ይወስዱ የነበረ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚጠቀሙት አንድ ኩባንያ የሚያመርተውን ሌቮታይሮክስ የተባለ ክኒን ነበር። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባቀረበው ጥያቄ መሠረት ኩባንያው የመድኃኒቱ ጥንካሬ ሳይቀንስ እንዲቆይ በማሰብ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮቹን ለውጦ፣ ላክቶስን በማኒቶልና በሲትሪክ አሲድ ተክቶ፣ አዲሱን ክኒን እ.ኤ.አ በመጋቢት 2017 ለገበያ አቀረበ። የሆርሞኑ ዓይነት አልተለወጠም።

ከጥቂት ወራት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የእንቅልፍ ማጣትና የፀጉር መነቃቀል እንደደረሰባቸው አስታወቁ። ከእነዚህም ብዙዎቹ መድኃኒቱ መለወጡን እንኳ ያልሰሙ ነበሩ። የቀድሞው ክኒን እንዲመለስ የሚጠይቀው ፊርማ ከ300 ሺህ በላይ ደረሰ። መንግሥትም በዚያው ዓመት የቀድሞው ክኒን ለጊዜው እንዲገባና ሌሎች አማራጮችም እንዲቀርቡ አደረገ።

እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ የሆነውና ከ2 ሚሊዮን በላይ ታካሚዎችን መረጃ የተመለከተው ጥናት አዲሱ ክኒን የተለየ ከባድ ጉዳት ማስከተሉን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ሌሎች ተመራማሪዎች በበኩላቸው ለሁለቱ ክኒኖች አቻነት ማረጋገጫ የሆነው በ204 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አማካይ ውጤትን እንጂ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚታየውን ልዩነት እንደማያሳይ ተከራክረዋል። የሊዮን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ በሰኔ 2020 ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ተመልክቶ፣ ኩባንያው ስለ ለውጡ በቂ መረጃ ባለመስጠቱ ከ3 ሺህ 300 በላይ ለሆኑ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1 ሺህ ዩሮ የሞራል ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። ውሳኔው እ.ኤ.አ በ2022 በሰበር ችሎት ጸንቷል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ለሳይንሱ ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ድረስም ቢሆን ታካሚው የሚውጠው መድኃኒት ሲለወጥ የማወቅ መብት ያለው መሆኑን ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

ይህ ትምህርት አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ ለሚገባባት ኢትዮጵያም ይሠራል። የተለያዩ አምራቾች ክኒኖች በተለያየ ጊዜ በሚቀርቡበት ሁኔታ ታካሚው የሚያገኘው የክኒን ስም፣ መልክና ጥንካሬ ሊለያይ ይችላል። የክኒኑ ጥንካሬ ከ50 ወደ 100 ማይክሮግራም ተለውጦ ሳለ ታካሚው በለመደው ቁጥር መዋጡን ከቀጠለ መጠኑ በእጥፍ ያድጋል።

የአገሪቱ ችግር ሥር የሰደደ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አነጋገር እንቅርት በኅብረተሰቡ ዘንድ ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት እንዳለባቸው አመልክቷል። ዋነኛው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም ለምግብ የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። እ.ኤ.አ በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙት አባወራዎች 15 በመቶ ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ ደርሰዋል። ሆኖም ጨው አዮዲን ያለው መሆኑና በበቂ መጠን ያለው መሆኑ የተለያዩ ጉዳዮች በመሆናቸው በማምረቻና በገበያ ደረጃ የሚደረገው ቁጥጥር መቀጠል አለበት።

አዮዲን አዲሱን ትውልድ ከጉዳት ይጠብቃል እንጂ በአዋቂዎች ላይ ለዓመታት ያደገውን እንቅርት አያጠፋም። በመሆኑም ለቀዶ ሕክምና የሚቀርቡ ብዙዎች ናቸው። ዕጢው በሙሉ የወጣለት አርሶ አደር ቁስሉ ድኖ፣ አንገቱም ቀሎት ወደ ቀዬው ሲመለስ ሕክምናው ያበቃ ሊመስለው ይችላል። ክኒኑ በአቅራቢያው ካልተገኘ ወይም ዕድሜ ልኩን እንደሚያስፈልገው በሚገባ ካልተነገረው ግን ኮከር በበርን ያዩት ጉዳት በእርሱም ላይ መድረሱ አይቀርም። ሕክምናው ሲቋረጥ ራስን ለመሳትና ለሞት የሚያደርስ አደጋም አለ።

ስለሆነም ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት ታካሚው ከመውጣቱ በፊት መድኃኒቱን በየትኛው ጤና ተቋም እንደሚያገኝ ማረጋገጥ፣ የወጣለትን የዕጢ መጠንና የታዘዘለትን ማይክሮግራም በጽሑፍ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። የመድኃኒት ግዥና ሥርጭትን የሚመሩ ኃላፊዎች ሌቮታይሮክሲንን ለአንድ ወር እንኳ መቋረጥ የማይገባው መድኃኒት አድርገው ማቀድ፣ አምራቹ ሲለወጥም ለጤና ተቋማት አስቀድመው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደግሞ ሥራው እየቀዘቀዘ የሄደ ሠራተኛ ሲያጋጥማቸው ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፊት ስለ ጤናው መጠየቅና ምርመራ እንዲያደርግ ጊዜ መስጠት ይገባቸዋል። መንስኤው የሆርሞን እጥረት ሆኖ ከተገኘ አብዛኛው ሠራተኛ በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ ብርታቱ ይመለሳል።