አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ኩባንያ ሲቀጣ የሚከፍለው ማን ነው?

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል የአገራችን ሰው፤ ጥፋተኛውን መንካት የከበደው ሰው በአጠገቡ ያለውን ዝምተኛ ሲመታ ባየ ጊዜ። መንግሥታት የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የቀጡበትን ታሪክ ለመረመረ ሰው ይህ ተረት ደጋግሞ ትዝ ይለዋል። ኩባንያ ሕግ ጣሰ ተብሎ መቀጫ ሲጣልበት ገንዘቡ የሚወጣው ከየት ነው? ኩባንያ የራሱ ኪስ የለውም፤ በካዝናው ያለው የደንበኞቹ አረቦንና የባለአክሲዮኖቹ መዋጮ ነው። ውሳኔውን የወሰነው ሹም ግን ደመወዙን ተቀብሎ በሰላም ቤቱ ይገባል።

እንግዲህ የዚህ የቅጣት ሕግ ታሪክ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተካሄደ ረጅም ትግል ነው፤ ቅጣቱ የሚያርፈው በማን ጫንቃ ላይ ነው? ጥያቄው በግልጽ የተነሣው በኒውዮርክ ከተማ በ1905 ስለ ሆነ ከዚያ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድሃ ገንዘብ በሹማምንት እጅ

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የአሜሪካን የሕይወት ኢንሹራንስ የሚመሩት ሦስት የኒውዮርክ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሙችዋል ላይፍ፣ ኒውዮርክ ላይፍ እና ኤኩቴብል። ኩባንያዎቹ በብዛት የሚሸጡት ውል ደንበኛው የትርፍ ድርሻውን በየዓመቱ እንዲቀበል የሚፈቅድ አልነበረም። ድርሻው እስከ ሃያ ዓመት ድረስ በኩባንያው ዘንድ ይቆያል፤ በመካከሉ የሞተ ወይም መክፈል አቅቶት ያቋረጠ ሰው ትርፉን ያጣል፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ይከፋፈሉታል። በዚህ መንገድ ባለቤቱ ተለይቶ የማይታወቅ፣ በየዓመቱ ሒሳብ የማይሰጥበት እጅግ ብዙ ገንዘብ በሹማምንቱ እጅ ተከማቸ። ሒሳብ የማይጠየቅበት ገንዘብ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ለሚል ሕዝብ መንገር አያሻም።

ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው የሹማምንቱ የእርስ በርስ ጠብ ነበር። የኤኩቴብል መሥራች ልጅ ወጣቱ ጄምስ ሄዘን ሃይድ በጥር 1905 በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አምሳል ታላቅ የጭፈራ ድግስ ደገሰ፤ ወጪው ከኩባንያው ካዝና ወጣ የሚል ወሬም ተናፈሰ። ሃይድና የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ አሌክሳንደር ለሥልጣን ሲፋለሙ ጋዜጦች ገመናቸውን ገለጡት። የኒውዮርክ ምክር ቤትም በሴናተር ዊልያም አርምስትሮንግ የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ጠያቂ የሕግ አማካሪ ሆኖ የተመረጠው ያኔ በሕዝብ ዘንድ እምብዛም የማይታወቀው ጠበቃ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ነበር።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 1905 በተደረገው ምርመራ የወጣው ጉድ ብዙ ነው። የሙችዋል ላይፍ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ መከርዲ በዓመት 150,000 ዶላር ደመወዝ ይቀበል ነበር፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ደመወዝ በዚያን ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር። ልጁና አማቹም ከኩባንያው ኮሚሽን ያፍሱ ነበር። የዚሁ ኩባንያ የዕቃ አቅርቦት ክፍል ኃላፊ በግዛቲቱ ዋና ከተማ በኦልባኒ የሕግ አውጪዎች መዝናኛ የሆነ ቤት ይዞ ተገኘ። ኒውዮርክ ላይፍ ደግሞ ለ1904 የሪፐብሊካን ፓርቲ ምርጫ ዘመቻ 48,702 ዶላር ሰጥቷል፤ ገንዘቡን በመጀመሪያ ከኪሱ ያወጣው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ፐርኪንስ ሲሆን በኋላ ከኩባንያው ካዝና ተተካለት። ዴሞክራት የሆነችው መበለት ባሏ የከፈለው አረቦን ሳትጠየቅ ለተቃዋሚዋ ፓርቲ ተሰጠ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። የኒውዮርክ ላይፍ ፕሬዚዳንት ጆን መኮል ከብዙ ዓመታት በፊት ራሱ የኒውዮርክ ግዛት የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ሹም ነበር። ተቆጣጣሪነቱን ትቶ ወደ ኤኩቴብል፣ ከዚያም ወደ ኒውዮርክ ላይፍ ተሻገረ። ጠባቂው በረቱን የለቀቀው ከብቶቹን ሊነዳ ነበር።

ወንጀል ሆኖ ያልተጻፈ ጥፋት

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ሁሉ መጨረሻ ምን ሆነ? መኮል ሥልጣኑን ለቀቀና በ1906 መጀመሪያ ሞተ። መከርዲም ለቀቀ፤ ሃይድ አክሲዮኑን ሸጦ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ከሦስቱ ፕሬዚዳንቶች አንዱም ወህኒ አልወረደም።

ዐቃቤ ሕጉ ዊልያም ትራቨርስ ጄሮም በመጋቢት 1906 ፐርኪንስን በስርቆት ወንጀል አስያዘው። ጉዳዩ እስከ ግዛቲቱ የበላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1907 ተወሰነ፤ ፍርድ ቤቱ ሰውየው የስርቆት ሐሳብ ስላልነበረው ድርጊቱ ስርቆት አይባልም ሲል በነጻ ለቀቀው። ፍርዱ ብዙ ሰው አስቆጣ፤ ነገር ግን ትልቅ እውነት ይዟል። የደንበኛን ገንዘብ ለፓርቲ መስጠት ድርጊቱ በተፈጸመ ጊዜ በስሙ ተጠርቶ ወንጀል አልተባለም ነበር። ሰውን በቁጣ መቅጣት አይቻልም፤ የሚቀጣው አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ ነው።

ሂዩዝና ባልደረቦቹ ይህን ተረድተው ስለ ነበር ፍርዱን አልጠበቁም። በ1906 ጸደይ የወጡት የኒውዮርክ ሕጎች ትርፍ ለዓመታት እየተያዘ የሚቆይበትን ውል ከለከሉ፤ የሥራ ወጪን ገደቡ፤ ኢንሹራንሶች የሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን እንዳይገዙ፣ ሹማምንትም ከኩባንያቸው ግብይት የግል ጥቅም እንዳያገኙ አገዱ። ለፓርቲ ገንዘብ መስጠትን በሚመለከት የወጣው ድንጋጌ ግን ከሁሉ ይልቃል። ኩባንያውን ከለከለና በዚያ አላበቃም፤ በጥፋቱ የተካፈለ፣ የረዳ፣ የመከረ ወይም የፈቀደ ማንኛውም ሹም፣ የቦርድ አባል፣ ጠበቃ ወይም ወኪል እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 1,000 ዶላር መቀጫ እንዲፈረድበት ደነገገ። ገንዘቡን እያወቀ የተቀበለም ሰው እንደዚያው። በ1907 የወጣው የፌዴራሉ የቲልማን ሕግም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ኩባንያውን እስከ 5,000 ዶላር፣ ሹሙን በግሉ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም በሁለቱም ቀጣ። አለንጋው በመጀመሪያ ጊዜ ከዳውላው ተነሥቶ ወደ አህያው ዞረ።

ይሁን እንጂ ሕግ መጻፍ ብቻውን አልበቃም። ሂዩዝ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ሆኖ ሥራ በጀመረበት በ1907 የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪው ኦቶ ኬልሲ መሥሪያ ቤቱን አላጸዳም ብሎ ሊሽረው ጠየቀ፤ ሴኔቱ ግን እምቢ አለ። ተኝቶ የሚጠብቅ ጠባቂን የሚቀጣው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በዚያ ዓመት መልስ አላገኘም።

መቶ ዓመት ቆይቶ

ያ አለንጋ ወደ ዳውላው አልተመለሰም ማለት አይቻልም። ኤአይጂ የተባለው ግዙፍ ኢንሹራንስ በ2000 እና በ2001 ጄነራል ሪ ከተባለ ኩባንያ ጋር ባደረገው ሐሰተኛ ውል የመጠባበቂያ ሒሳቡን በ500 ሚሊዮን ዶላር አሳበጠ። ነገሩ ሲገለጥ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሞሪስ ግሪንበርግ በ2005 ለቀቁ፤ ኩባንያው በ2006 ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ከመንግሥት ጋር ታረቀ። በሹማምንቱ ላይ የተጀመረው ክስ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በ2008 ጥፋተኛ የተባሉት አምስት ሰዎች ፍርዳቸው በ2011 በይግባኝ ተሻረ። ግሪንበርግ ጥፋታቸውን ሳያምኑ በ2009 15 ሚሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 9 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ጉዳዩን ዘጉት። ኩባንያው በዓመት ውስጥ ቢሊዮን ሲከፍል፣ የመሪው ጉዳይ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቶ በሚሊዮን አለቀ።

እኛስ?

አገራችን የመጀመሪያውን የራሷን ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስን፣ በ1951 አቋቋመች፤ ሥራውን የሚቆጣጠር ልዩ ሕግም በ1970 በአዋጅ ቁጥር 281 አወጣች። ሕጉ ሥር ሳይሰድ በጥር 1 ቀን 1975 ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወረሰ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1994 ድረስ ባለቤቱም ተቆጣጣሪውም መንግሥት ራሱ ሆነ። እንዲህ ባለ ሥርዓት መንግሥት የራሱን ድርጅት ቢቀጣ ገንዘቡን ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ በግራ ኪሱ መክተቱ ነው፤ የሚቀር ቅጣት ቢኖር ሹሙ በግሉ የሚጠየቅበት ብቻ ነው። በ1994 አዋጅ ቁጥር 86 በሩን ለግል ኩባንያዎች ከፈተ፤ በ2012 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 746 ተተካ፤ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው።

ስለዚህ ስለ ኢንሹራንስ ቅጣት አዲስ አዋጅ ወይም መመሪያ በሚወጣበት ጊዜ ሁሉ የመቀጫውን መጠን አይተን አንደነቅ። ሦስት ነገር እንጠይቅ። መቀጫው የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? ጥፋቱ አስቀድሞ በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል ወይ? ተቆጣጣሪው ራሱ ቢያንቀላፋ የሚጠይቀው ማን ነው? ሦስቱ ካልተመለሱ ቅጣቱ የቱንም ያህል ቢገዝፍ የሚከፍለው ያው አረቦን ከፋዩ ነው።

ቸር እንሰንብት።