ሁለት ሰው በአንድ ስቲከር

ሜሲ ይበልጣል ወይስ ሮናልዶ? ይህን ክርክር እዚህ አንከፍተውም። ከከፈትነው ሳምንቱን ሙሉ አይዘጋም። ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ተጫዋችን ከተጫዋች ማወዳደር በእጅ በሚያዝ ወረቀት ስለተጀመረበት ዘመን ነው። ቆርኪና ብይ እየቆጠርን ላደግን ልጆች ጉዳዩ ብዙም ሩቅ አይደለም፤ የአውሮፓና የላቲን አሜሪካ እኩዮቻችን ደግሞ የተጫዋች ፎቶ እየቆጠሩ አደጉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀነሳችሁ አንብቡልን።)

ነገሩ የተጀመረው፣ አትሳቁብንና፣ ከሲጋራ ጋር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሲጋራ አምራቾች ሲጋራው እንዳይጣመም ፓኮው ውስጥ ጠንከር ያለ ካርቶን ይከቱ ነበር። ካርቶኑ ባዶ ከሚሆን ለምን ሥዕል አናትምበትም አሉ። መርከብ ታተመ፣ ወፍ ታተመ፣ ወታደርና ተዋናይት ታተሙ፤ ኳስ ተጫዋችም ተራው ደረሰው። እናላችሁ፣ አባት ያጨሳል፣ ልጅ ካርዱን ይወስዳል። አባቱ የማያጨስ ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ገዝቶ የሚወጣውን ሁሉ ካርድ ይለምናል። የነገን ደንበኛ ዛሬ ማላመድ እንዲህ ነው! እንግሊዝ ውስጥ ካርዱን ያስቆመው የጤና ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በ1917ም በ1940ም ጦርነት ያመጣው የወረቀት እጥረት ነው።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የታሪኩ ማዕከል ጣሊያን፣ ሞዴና ከተማ ሆነ። የፓኒኒ ቤተሰብ እዚያ የጋዜጣ መሸጫ ነበረው። በ1960 ወንድማማቾቹ አንድ የሚላን ድርጅት ሳይሸጥለት የቀረ የተጫዋች ፎቶ ክምር ገዙና በትንንሽ ፖስታ እያሸጉ አንዱን በ10 ሊሬ ቸበቸቡት። በዓመቱ የራሳቸውን አልበም አወጡ። ጁሴፔ፣ ቤኒቶ፣ ኡምቤርቶና ፍራንኮ፣ አራቱም ወንድማማቾች ሥራው ውስጥ ገቡ። ማሽን የሚችለው ኡምቤርቶ ነበር። ፎቶዎቹን አደባልቆ የሚያሽገውን ፊፊማቲክ የተባለ መሣሪያ የፈጠረው እሱ ነው። በ1970 ሜክሲኮ ላይ ለተደረገው ውድድር የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አልበም አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ በየአራት ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ሲመጣ አልበሙም አብሮ ይመጣል።

የጨዋታው ምሥጢር ፖስታው መታሸጉ ላይ ነው። ማን እንደሚወጣላችሁ አታውቁም። የ1990ው የጣሊያን ዓለም ዋንጫ አልበም 448 ስቲከር ነበረው። ከማንም ሳይለዋወጥ ብቻውን ሊሞላ የተነሳ ልጅ በሒሳቡ መሠረት በአማካይ ወደ 3 ሺህ ስቲከር መግዛት አለበት፤ መጨረሻ ላይ የጎደሉት ጥቂቶቹ ናቸው ኪስ የሚያራቁቱት። ስለዚህ ልጅ ሁሉ ነጋዴ ሆነ። የጣሊያን ልጆች የጓደኛቸውን ክምር በጣታቸው እየገለበጡ «ቼሎ፣ ቼሎ፣ ማንካ» ይላሉ፤ አለኝ፣ አለኝ፣ የለኝም እንደማለት ነው። በዚህ ገበያ ዋጋ የሚተምነው ልጁ ራሱ ነው። የሚያብረቀርቅ አርማ በሦስት ተከላካይ ይለወጣል። ማንም የማያውቀው በረኛ የመጨረሻዋን ክፍት ቦታ የሚሞላ ከሆነ ከኮከብ አጥቂ ይበልጣል። (ነገሩን የልጆች ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። በመስከረም 2022 አርጀንቲና ውስጥ ስቲከር ጠፍቶ የመንግሥት የንግድ ባለሥልጣናት አሳታሚውንና የኪዮስክ ባለቤቶችን ለስብሰባ ጠርተው ነበር።)

አሁን ወደሚያንገበግበን እንምጣ። ልጆቹ ገና ፖስታውን ሳይቀዱት አልበሙ ራሱ አወዳድሮ ጨርሶ ነበር። በ1982፣ በ1986ና በ1990 አልበሞች የብራዚል፣ የጣሊያን፣ የጀርመን ተጫዋች ለብቻው አንድ ሙሉ ስቲከር አለው። «ትንንሾቹ» ቡድኖች ግን ሁለት ተጫዋች በአንድ ስቲከር ተጠጋግተው፣ ግማሽ ግማሽ ተካፍለው ነው የወጡት። በ1982 አልጄሪያና ካሜሩን ከእነዚህ መካከል ነበሩ። አሳታሚው ቦታና ገበያ አስልቶ ይሆናል፤ የሞዴና ልጅ የአልጄሪያን ተከላካይ ለብቻው ይፈልገዋል ብሎ ማን ያስባል? ለሚያየው ልጅ ግን መልእክቱ ግልጽ ነው፤ አንድ አውሮፓዊ እኩል ይሆናል ሁለት አፍሪካዊ።

ሜዳው ግን አልበሙን አላነበበም። ሰኔ 16 ቀን 1982 ባለግማሾቹ አልጄሪያዎች ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፉ። ካሜሩን በዚያው ውድድር አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ ወጣች፤ በኋላ ዋንጫውን ካነሳችው ጣሊያን ጋር እንኳ 1 ለ 1 ነው የተለያየችው። አልተማሩበትም። በ1990 ካሜሩን ዳግም በግማሽ ስቲከር መጣች። ሰኔ 8 ሚላን ላይ በመክፈቻው ጨዋታ ሻምፒዮኗን አርጀንቲናን፣ ማራዶና እያለ፣ 1 ለ 0 ረታች። ካና ቢዪክ በቀይ ወጣ፤ ወንድሙ ኦማም ቢዪክ ደግሞ በጭንቅላት ገጭቶ አገባ። ጨዋታው ሲያልቅ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር የቀራቸው። የ38 ዓመቱ ሮዤ ሚላ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ ሩማኒያ ላይ ሁለት፣ ኮሎምቢያ ላይ ሁለት ጨመረ። እንግሊዝ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 እስክታስቆማቸው ድረስ ሩብ ፍጻሜ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ሆኑ። እነዚያን የተከፈሉ ወረቀቶች በዚያ ሰሞን በእጁ የያዘ ልጅ በስንት ለውጧቸው ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ማወዳደር መልኩን ቀየረ። በ2007/08 የውድድር ዘመን ቶፕስ የተባለው ድርጅት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያወጣው ማች አታክስ በየካርዱ ላይ የማጥቃትና የመከላከል ቁጥር አተመ። ካርድ ከካርድ ይጋጠማል፣ ትልቁ ቁጥር ይበላል፣ ክርክር የለም። እኛ ይሄኛው ብዙም አልጣመንም። አንድ መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሰው ነጥብ ሰጥቶ ከጨረሰ ለልጁ ምን ቀረለት? የአዋቂዎቹ ገበያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የ17 ዓመቱ ፔሌ ያለበት የ1958 የስዊድን ካርድ በ2022 ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ያንን ካርድ «ማንካ» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይኖርም።

እኛስ? በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳ ቡድን ያላት አገራችን የዓለም ዋንጫ አልበም ውስጥ ግማሽ ስቲከር እንኳ አግኝታ አታውቅም፤ ምክንያቱም ውድድሩ ላይ ደርሰን አናውቅም። በጣም የቀረብነው በ2013 ነው። ብራዚል ልንገባ ሁለት ጨዋታ ብቻ ቀርቶን ነበር። ጥቅምት 13 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ ስታዲየሙ ተናወጠ፤ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ግን ሁለት አገባብን፣ ሁለተኛዋን በፍጹም ቅጣት ምት፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል። ኅዳር 16 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተጨመረብን። የ2014ቱ አልበም ሲወጣ የናይጄሪያ ገጽ ሙሉ በሙሉ ነበር፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ስቲከር። ሳላዲን ሰይድን ከማን ጋር እንደምንለውጠው ሳናውቅ ቀረን።