ታማሚዋ ስም ያወጣችለት ሕክምና

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ደባቂው የደበቀውን ራሱ ባያውቀውስ? ሳይኮአናሊሲስ የተባለው የሥነ ልቡና ትምህርት የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ለጥያቄው መነሻ ከሆኑት አንዷ የቪየና ከተማ ወጣት ናት።

እ.ኤ.አ. በ1880 ይህች የ21 ዓመት ወጣት አባቷን ስታስታምም ራሷ በሕመም ወደቀች። ቀኝ እጇ ሰለለ፤ ብርቱ ሳል ያዛት፤ ውሎ አድሮም የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ጀርመንኛ ጠፍቷት በእንግሊዝኛ ብቻ መናገር ጀመረች። ሐኪሟ ዮሴፍ ብሮየር ሕመሙን በዘመኑ አጠራር ሂስቴሪያ አለው።

ብሮየር እንደጻፈው፣ ወጣቷ ስድስት ሳምንት ያህል ውሃ መጠጣት ተስኗት ጥሟን በፍራፍሬ ታስታግሥ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሂፕኖሲስ በሚባለው ሰመመን ውስጥ ሆና፣ አንድ ውሻ ከብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ አይታ መጸየፏን በቁጣ ተናገረች። ወዲያው ውሃ ጠይቃ ጠጣች። ዘዴውን «የንግግር ፈውስ» ብላ የሰየመችው ራሷ ናት፤ ስትቀልድም «የጭስ ማውጫ ጠረጋ» ትለው ነበር።

ሲግመንድ ፍሮይድ ይህን ታሪክ ከብሮየር አፍ የሰማው በ1882 ነው። በ1895 ሁለቱ «የሂስቴሪያ ጥናቶች» የተሰኘውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ታማሚዋን «አና ኦ.» አሏት። ፍሮይድ ኋላ ሰመመኑን ትቶ፣ ታማሚው በሐሳቡ የመጣለትን ሁሉ ሳይመርጥ እንዲናገር አደረገ። ሰው ሊያስታውሰው የማይሻው ነገር አይጠፋም፤ ከንቃተ ሕሊናው በታች ታፍኖ ይቀመጥና በሕልም፣ በአፍ ወለምታና በሕመም መልክ ብቅ ይላል ሲልም አስተማረ።

መጽሐፉ አና ኦ. መዳኗን ይናገራል። ነገር ግን የታሪክ ተመራማሪው ሄንሪ ኤለንበርገር በ1972 ያሳተመው ጥናት ሌላ ነገር ገለጠ። ወጣቷ የብሮየር ሕክምና ባበቃ ማግሥት፣ በሐምሌ 1882፣ በስዊዘርላንድ ወደሚገኝ የሕሙማን ማረፊያ ገብታ ነበር፤ የሞርፊን ሱስም ነበረባት። ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ተኝታ ታክማለች።

እውነተኛ ስሟ ቤርታ ፓፐንሃይም መሆኑ ለሕዝብ የታወቀው በ1953፣ ከሞተች ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ይህች ሴት ከሕመሟ አገግማ በ1904 በጀርመን የአይሁድ ሴቶች ማኅበርን መሠረተች፤ በ1907 በፍራንክፈርት አቅራቢያ ያለ ጋብቻ ለወለዱ እናቶችና ለልጆቻቸው መጠጊያ ቤት ከፈተች፤ በሴቶች ንግድ ላይም ዕድሜዋን ሙሉ ታገለች።

ከፍሮይድ ትምህርቶች ብዙዎቹ ዛሬ አከራካሪ ናቸው፤ በንግግር ማከም ግን በልዩ ልዩ መልክ ቀጥሏል። የተደበቀውን ማውጣት ይፈውሳል ብሎ የተነሣው መጽሐፍ የራሱን ታማሚ ሕመም መደበቁ ግን ሊዘነጋ አይገባም። የአበው ቃል ለታማሚ ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም ነው።