ፕሌትሌት

የላብራቶሪ ወረቀት ላይ «ፕሌትሌት» የሚባለው ደም የሚያረጋው ቅንጣት ነው። ጣት ሲቆረጥ ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። ዕድሜው ከ8 እስከ 10 ቀን ስለሆነ የአጥንት መቅኒ ሳያቋርጥ ይተካዋል። ጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 አለው።

ካምፓላ ውስጥ ቁጥሩ የወረደበት ሰው ምክር አያጣም፤ የፓፓያ ቅጠል ጨምቀህ ጠጣ ይሉታል። ቅጠሉ በዋናነት የተሞከረው ግን በደንጊ ትኩሳት ሕሙማን ላይ ነው፤ ድሬዳዋን በ2006 ዓ.ም. የመታው ያ በሽታ። እዚህ ካምፓላ ትኩሳት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ወባው ሲታከም ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። እባካችሁ፣ ቅጠል እየጨመቃችሁ ምርመራውን አታዘግዩ።

ምግብ በእርግጥ የሚረዳው ቁጥሩ የወረደው በፎሌት ወይም በቢ12 ቫይታሚን ጉድለት ሲሆን ነው። ናኪቩቦ ስታዲየም አጠገብ፣ ኦዊኖ ገበያ በእስር የሚሸጠው ዶዶ፣ በአማርኛ አሉማ የምንለው፣ ፎሌት አለው፤ ምስርም እንዲሁ። ቢ12 የሚገኘው ከጉበት፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ ጾም የሚያዘወትር ሰው ለሐኪሙ ይንገር። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። ድድ ከደማ ወይም ቆዳ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።